ሚጉ፣ ባቡሩና ያልተጻፉት ስሞች



ሐርጌሳ ገብቶ ሚጉን ያላየ ነጋዴ የለም። ከቶጎ ውጫሌ ጭኖ የመጣ ሾፌር ቀጠሮ ሲይዝ «ሚጉ ጋ» ይላል። አዲስ የመጣ የአገር ልጅ መንገድ ሲጠፋበት «ሚጉ ሥር ቁም፣ እንመጣለን» እንለዋለን። ሽልንጋቸውን እንደ ጡብ ደርድረው የሚቀመጡት ሰሪፎችም ከዚያ ብዙ አይርቁም። በየቀኑ እናልፈዋለን። ቆም ብለን ያየነው ግን ጥቂቶች ነን።

በቅርቡ እዚሁ ሐርጌሳ ተወልዳ ያደገች የአንዲት እህታችን ልጅ «እማዬ፣ አውሮፕላኑ ለምን መሐል ከተማ ላይ ወጣ?» ብላ ጠየቀች። እናት «ድሮ ጦርነት ነበረ» ብላ አለፈች። የምትጨምረው አልነበራትም። ማታ ሻይ ላይ ወሬው ሲነሣ እኛም ብዙ የምንጨምረው እንደሌለን አወቅን። ከመካከላችን አባቱ የድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረ አንድ ወንድማችን ደግሞ ሌላ ነገር አነሣ። «ለሐርጌሳ ሰው ሚጉ አለለት። እንደ አባቴ ሐዲድ ሲጠግን ኖሮ፣ ጥሪ ሲመጣ ጠመንጃ ይዞ ለሄደው ሰውስ ሐውልቱ የቱ ነው?» አለ።

ይህን ጽሑፍ ያጻፉን እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። መልሳቸው ተራርቆ ይገኛል ብለን ነበር የጀመርነው፤ እየቆየን ስናየው አንድ ታሪክ ሆኖ አገኘነው። እዚህ ሐርጌሳ የፈረንጁን አቆጣጠር፣ አገር ቤት የራሳችንን ስለምንጠቀም፣ አስፈላጊ በሆነበት ሁለቱንም እናስቀምጣለን።

ስማቸው የተጻፈላቸው ሠራተኞች

ከወንድማችን ጥያቄ እንጀምር። ለባቡር ሠራተኛ ወታደር ሐውልት ማቆም የተለመደባቸው አገሮች አሉ። ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቁት የእንግሊዝ ናቸው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1914 ሲጀመር በእንግሊዝ ባቡሩ በየአካባቢው የተለያዩ ኩባንያዎች ንብረት ነበር። በሰሜን ምሥራቁ አገር የሚሠራው ኖርዝ ኢስተርን የሚባለው ኩባንያ ከራሱ ሠራተኞች ብቻ አንድ ሻለቃ ጦር አቋቋመ። እነዚህ ሰዎች ጠመንጃም አካፋም የያዙ ነበሩ፤ ምሽግ ይቆፍራሉ፣ መንገድ ይጠርጋሉ፣ ሐዲድ ይዘረጋሉ። ከሌሎች ኩባንያዎች የሄዱት ደግሞ በጦሩ የመሐንዲስ ክፍል ገብተው በፈረንሳይ ምድር ባቡር ነዱ፤ ጥይትና ስንቅ ወደ ግንባር፣ ቁስለኛ ወደ ኋላ አመላለሱ። ትናንት ትኬት ይቆርጥ የነበረው፣ ከሰል ይጭን የነበረው፣ ባንዲራ ያውለበልብ የነበረው ሰው ወታደር ሆነ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ኩባንያዎቹ የሞቱባቸውን ሠራተኞች ስም ዝርዝር አወጡ። በዮርክ ከተማ ኖርዝ ኢስተርን ባቆመው ሐውልት ላይ የ2,236 ሰዎች ስም ተቀረጸ። በለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ ግሬት ዌስተርን የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን 1922 ያስመረቀው ሐውልት ደግሞ ከሁሉ ይለያል። ካፖርቱን የደረበ አንድ ወታደር ቆሞ ከቤት የመጣለትን ደብዳቤ ያነባል። አይተኩስም፣ አይፎክርም። የ2,524ቱ ሟቾች ስም የተጻፈበት ጥቅልል በሐውልቱ መደብ ውስጥ በታሸገ ሣጥን ተቀምጧል። ተሳፋሪው ስሞቹን አያያቸውም፤ ግን እዚያ እንዳሉ ያውቃል።

እነዚህ ስሞች እንዴት ተገኙ? ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ነጋዴ ይረዳዋል። የባቡር ሠራተኛ በደመወዝ መዝገብ ላይ ያለ ሰው ነው። መቼ እንደተቀጠረ፣ ምን እንደሚሠራ፣ በወር ስንት እንደሚያገኝ ተጽፏል። ሲዘምትም መዝገቡ ላይ ይታያል፣ ሳይመለስ ሲቀርም ይታያል። ሐውልቱ ከመቆሙ በፊት ደብተር ነበረ ማለት ነው።

የእኛው መስመር

ወደ ራሳችን ባቡር እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ ለሐዲዱ ሥራ ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነሣ፤ በ1902 መጨረሻ (በእኛ 1895) አሁን ድሬዳዋ ያለችበት ቦታ ደረሰ። ከተማዋን የወለዳት ባቡሩ ነው። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፣ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 (በእኛ 1909) ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

ይህ መስመር ለእኛ ለድንበር ነጋዴዎች ሌላም ትርጉም አለው። ከባቡሩ በፊት የሐረር ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ በግመል ወደ ዘይላ ይወርድ ነበር። ባቡሩ ጅቡቲን ሲያቆም ዘይላ ተዳከመች። የዛሬዋ ሶማሊላንድ ዳርቻ ከደጋው ንግድ አንድ ትልቅ በር የተዘጋባት ያን ጊዜ ነው። ሐርጌሳ ዛሬም ባቡር የላትም። ጭነታችን ሁሉ በጎማ ነው።

ድሬዳዋ ግን የሠራተኛ ከተማ ሆነች። «ለገሃር» የምንለው ቃል ከፈረንሳይኛው የጣቢያ ስም እንደመጣ ሁሉም ያውቃል። የምድር ባቡር ሠራተኛ ፈረንሳይኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛ ቀላቅሎ ይናገር ነበር። የከዚራ ጥላ ሥር ያደጉ ልጆች አባታቸው ከሥራ የሚመለስበትን ሰዓት በፊሽካው ያውቁታል። ከድሬ እስከ ደወሌ በዚያው ባቡር ጨርቅና ሳሙና ይዘው የተመላለሱ እናቶቻችን ደግሞ የዛሬው ንግዳችን መሠረት ናቸው። ሠራተኛውና ነጋዴዋ በአንድ ፉርጎ ኖረዋል።

ይህ መስመር ጦርነት ያልነካው ጊዜ ጥቂት ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የሄዱት በዚህ ባቡር ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። በለገሃር ፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ነቅሎ ወደ ሮም ወሰደው፤ እዚያም ባቡር ጣቢያ አጠገብ አቆመው። አንበሳው ወደ ቦታው የተመለሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያን ሲሸሽ በአዋሽ ላይ ያሉትን ድልድዮች አፈረሰ። በእያንዳንዱ ጊዜ ድልድይ ሲሰበር የሚጠግን፣ ባቡር ሲቆም የሚያስነሣ ሠራተኛ ነበር።

1969 ዓ.ም.

የወንድማችን አባት ታሪክ ከዚህ ይጀምራል። በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ ወራት የሶማሊያ ጦር ድንበር ተሻግሮ ገባ። ከዚያ በፊትም የባቡር ድልድዮች በፈንጂ ተመትተው ነበር፤ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ዕቃ ቆመ። አገሪቱ የውጭ ንግዷን አብዛኛውን የምታልፍበት መስመር ስለነበረ፣ ሐዲዱን መምታት የአገሪቱን ጉሮሮ መያዝ ማለት ነበር። ነሐሴ 11 ቀን 1969 ዓ.ም. ውጊያው ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ። ከተማዋ ሳትያዝ ቀረች። ጅግጅጋ ግን በመስከረም ወር መግቢያ ላይ ተያዘች፤ የተመለሰችው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። ካራማራ የምንለው ቀን እሱ ነው።

በዚያ ጊዜ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለው መፈክር በየፋብሪካው፣ በየቀበሌው ይሰማ ነበር። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሚሊሺያ በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ ተጓዘ። አብዛኛው ገበሬ ነበር። ከየመሥሪያ ቤቱ የተነሣ ሠራተኛም ነበረበት። በድሬዳዋ ደግሞ ጦርነቱ ወደ ሰው ቤት የመጣ ስለሆነ በሠራተኛና በወታደር መካከል ያለው መስመር ቀጠነ። ጠዋት ወርክሾፕ የነበረ ሰው ማታ ጥበቃ ላይ ነበር። ሐዲዱ ሲሰበር የሚሄደው የጥገና ሠራተኛ ወታደር ባይባልም የሚሄደው ወታደር ወደሚሞትበት ቦታ ነው።

የዚያ ጦርነት ትልቁ ሐውልት አዲስ አበባ ነው። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ስንወጣ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የምናገኘው ትግላችን ሐውልት በ1977 ዓ.ም. መግቢያ፣ በአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ተመረቀ። ቁመቱ ወደ 50 ሜትር ይደርሳል፤ አናቱ ላይ ቀይ ኮከብ አለ። ከኢትዮጵያውያኑ ጎን ለተሰለፉት የኩባ ወታደሮችም መታሰቢያ አለበት፤ የወደቁት ኩባውያን ፎቶግራፍ በስፍራው ይታያል። ከባሕር ማዶ መጥቶ የሞተው ሰው ፊቱ እዚያ አለ። ይህ ደግ ነገር ነው፤ ይገባዋል። ግን ወንድማችን ያዘነው እዚህ ላይ ነው። «አባቴ በዚያ ሐውልት ውስጥ አለ፤ ግን ‹ሠፊው ሕዝብ› በሚለው ቃል ውስጥ ነው ያለው» አለ።

አውሮፕላኑ

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ እንምጣ።

በሐርጌሳ መሐል የቆመው አውሮፕላን ሚግ 17 ነው። የሶማሊያ አየር ኃይል ንብረት ነበር፤ ከተማዋ ስትደበደብ አቅራቢያዋ ከወደቁት አንዱ ነው። ከፍ ባለ መደብ ላይ ወጥቷል፤ በመደቡ ዙሪያ የጦርነቱ ሥዕሎች ተሥለዋል።

የሶማሊያ አየር ኃይል በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር ሲዋጋ ከተጠቀመባቸው አውሮፕላኖች አንዱ ዓይነት ይኸው ሚግ 17 ነው። ስለዚህ የድሬዳዋ ልጅ ይህን አውሮፕላን ሲያይ «የጠላት» ይላል። የሐርጌሳ ሰው ግን ሲያየው የሚያስበው ሌላ ነው። ለእሱ ይህ የራሱ መንግሥት አውሮፕላን ነው፤ የተገዛው በእሱ ግብር ነው፤ የተነሣበትም በእሱ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1970ው ሽንፈት በኋላ የዚያድ ባሬ መንግሥት በሰሜኑ ሕዝብ ላይ እየከረረ ሄደ። በሐርጌሳ ሐኪሞች፣ መምህራንና ሌሎች የተማሩ ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተው የተጎሳቆለውን የከተማውን ሆስፒታል ማደስ ጀመሩ። መንግሥት ይህን እንደ ሴራ ቆጥሮ አሰራቸው። ለፍርድ በቀረቡበት ቀን፣ የካቲት 13 ቀን 1974 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1982)፣ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ ተተኮሰባቸው። አስተውሉ፤ የታሰሩት ሰዎች ወታደሮች አልነበሩም። ጥፋታቸው የራሳቸውን ሆስፒታል መጥረጋቸው ነበር።

ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1981 ኤስ ኤን ኤም የተባለው የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ ለንደን ላይ ተመሥርቶ ነበር። በዓመቱ ሰፈሩን ወደ ኢትዮጵያ አዛወረ። ድሬዳዋ ዋና መቀመጫው ሆነች። አምስት ዓመት ሳይሞላ የሶማሊያን ጦር የመከተች ከተማ፣ ከሶማሊያ መንግሥት ለሸሹ ሰዎች ቤት ሆነች። በለገሃር አካባቢ ሻይ ይጠጡ ከነበሩት መካከል እነሱም ነበሩበት ማለት ነው።

ኤስ ኤን ኤም ውስጥ ከመንግሥት ጦር የከዱ መኮንኖች ነበሩ። ከነሱ ጋር ግን እረኛው፣ ሾፌሩ፣ ባለሱቁ፣ ተማሪው ነበር። ስንቁን ያወጣው ከብት ያለው ከብቱን ሰጥቶ፣ በዓረብ አገር የሚሠራው ደመወዙን ልኮ ነው። እዚህ ሙጃሂድ እየተባሉ የሚጠሩት ሽማግሌዎች፣ አሁን ሱቅ ላይ ተቀምጠው ዋጋ የሚከራከሩን፣ አብዛኞቹ ሥራቸውን ጥለው የሄዱ ሰዎች ናቸው። እንደ ባቡር ሠራተኞቹ ሁሉ፣ ጦርነት ከሥራ አንሥቶ የወሰዳቸው ናቸው።

በመጋቢት 1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1988) መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ተስማሙ። አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ መርዳት ሊያቆም ነው። ለአዲስ አበባ ይህ በሰሜን ግንባር ጫናው በበረታበት ጊዜ ጦርን ከምሥራቅ ማንሻ ነበር። ለኤስ ኤን ኤም ግን ወይ ኢትዮጵያ ውስጥ ትጥቅ መፍታት፣ ወይ አገር ገብቶ መዋጋት ሆነ። ገባ። ግንቦት 19 ቡርዖ፣ ግንቦት 23 ሐርጌሳ ላይ ውጊያ ተከፈተ።

የመንግሥቱ መልስ በመድፍና በአውሮፕላን ነበር። አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ሩቅ ካለ ሰፈር አልነበረም፤ ከሐርጌሳው አውሮፕላን ማረፊያ ከራሱ ነው። ተነሥተው፣ ዞረው፣ ያንኑ ከተማ ደብድበው፣ እዚያው ያርፋሉ። የዓለም ጦርነቶች ብዙ ዓይተዋል፤ ከከተማው ማረፊያ ተነሥቶ ከተማውን መምታት ግን ብዙ የተለመደ አይደለም። ከአብራሪዎቹ አንዱ ወገኔን አልመታም ብሎ አውሮፕላኑን ወደ ጅቡቲ ይዞ በረረ። የሰብዓዊ መብት መርማሪዎች በዚያ ጦርነት በሰሜኑ የሞተውን ሰው ወደ 50,000 ይገምቱታል። ሐርጌሳ አብዛኛው ክፍሏ ፈረሰ። የቀረውም ቤት ፈንጂ ተቀብሮበት ነበር።

እንግዲህ ልጅቷ ላነሣችው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ሌሎች ሕዝቦች አደባባያቸው ላይ የራሳቸውን ጀግና ያቆማሉ። እንግሊዝ ደብዳቤ የሚያነብ ወታደር፣ እኛ አንበሳና ኮከብ አቁመናል። ሐርጌሳ ግን የመታትን መሣሪያ ራሱን አወጣች። «ይህ ተደርጎብናል፤ ማንም አልተደረገም እንዳይለን» ነው ትርጉሙ። ለሞተ ሰው መታሰቢያ ነው፤ ለምስክርነትም ነው።

የሸሸው ሰው የት ሄደ?

ይህ ጥያቄ ደግሞ ታሪኩን ወደ እኛ ይመልሰዋል። የሐርጌሳ ሰው በእግሩ ወደ ምዕራብ ሄደ። ዛሬ በመኪና በጥቂት ሰዓት የምንጨርሰውን መንገድ ሕፃን አዝሎ፣ ሽማግሌ ደግፎ፣ ቀን ከአውሮፕላን ተደብቆ፣ ሌሊት ተጉዞ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻገረ። ከጅግጅጋ ማዶ ሐርትሼክ የተባለችው ሜዳ በዓለም ትልቁ የስደተኛ ሰፈር እስከ መባል ደረሰች፤ ሲበዛ ወደ 250,000 ሰው ነበረባት። ሜዳው ውሃ የለውም፤ ውሃ በቦቴ ይመላለስ ነበር። ሰፈሯ የተዘጋችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

በዕድሜ የገፉ ነጋዴዎቻችን ሐርትሼክን በሌላ ነገር ያውቋታል፤ በገበያዋ። ልብስ፣ ቴፕ፣ ጫማ፣ ሩዝ ከዚያ ይመጣ ነበር። ስደተኛው የራሽን ካርድ ይዞ ቁጭ አላለም፤ ነገደ። የዛሬው የሐርጌሳ፣ የውጫሌ፣ የጅግጅጋ የንግድ ትውውቅ ብዙው በዚያ የተሠራ ነው። ሐርጌሳ ውስጥ አማርኛ የሚመልስልን ባለሱቅ ስናገኝ «የት ተማርክ?» ብለን እንጠይቃለን። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ስደት ላይ፣ እናንተ ጋ።»

ሌላም አለ። ኤስ ኤን ኤም ሐርጌሳን በያዘ በጥቂት ወር፣ ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 18 ሜይ 1991) ቡርዖ ላይ ሶማሊላንድ ታወጀች። ልክ በሦስተኛው ቀን፣ ግንቦት 13፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥሎ ወጣ። ያንን የመጋቢት ስምምነት ያደረጉት ሁለቱም መሪዎች በዚያ ዓመት ከሥልጣን ወረዱ። ሜዳው ላይ የቀረው ተራው ሰው ነው፤ በሁለቱም ወገን። የቀረውም አልተቀመጠም፤ ፍርስራሽ ጠረገ፣ ሐዲድ አስተካከለ፣ ሱቅ ከፈተ።

ደብተር ያለውና ደብተር የሌለው

ሦስቱን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የእንግሊዝ ባቡር ሠራተኛ ስሙ ከደመወዝ መዝገብ ወደ ድንጋይ ሄደ። የሐርጌሳ ሙጃሂድ የደመወዝ መዝገብ አልነበረውም። ግን ሶማሌ ሌላ መዝገብ አለው፤ አብቲርሲ። ልጅ ገና አፉን ሲፈታ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየቆጠረ ይማራል። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን የት እንደወደቀ በቤተሰቡ ውስጥ ይነገራል። ሚጉ ሥር ስም ባናይም፣ በዚያ የሚያልፍ የሐርጌሳ ሰው ሁሉ በልቡ የሚጠራው ስም አለው።

የእኛ የምድር ባቡር ሰው ግን ሁለቱንም አጋጣሚ የነበረው ነው። መዝገብ ነበረው፤ በፈረንሳይኛ የተጻፈ የደመወዝ መዝገብ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የጡረታ ደብተር። ቤተሰብም ነበረው፤ ታሪኩን የሚያወራ። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ነው። አሮጌው ባቡር ቆሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር ተመርቋል፤ ጣቢያውም ሌላ ቦታ ነው። በ1969 ሃያ ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ሰባ ሊያልፍ ነው። ድንጋይ መጠበቅ እንችላለን። ሰው ግን አይጠብቅም።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በአንድ ልመና እንዘጋለን። ከአንባቢዎቻችን መካከል አባቱ፣ አያቱ ወይም አጎቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረ ካለ ዛሬ ማታ አንድ ገጽ ይጻፍ። ሙሉ ስም፤ በየትኛው ክፍል እንደሠራ፣ ፍሬን ይሁን፣ ወርክሾፕ ይሁን፣ ጥገና ይሁን፤ መቼ እንደዘመተ፤ ተመልሶ ከሆነ መቼ፤ ካልተመለሰም የት እንደቀረ። ለምን እንደሞተና የማን ጥፋት እንደነበረ መከራከር አያስፈልግም፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። ለጊዜው ስሙ ይበቃል። እንደ ፓዲንግተኑ ጥቅልል፣ ማንም ባያየውም በአንድ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ እንኳ አለ ማለት ነው።

የሐርጌሳ ጎረቤቶቻችሁንም ጠይቁ። ሱቅ ስትከፍቱ ከጎናችሁ ያለውን አዛውንት «አደር፣ እርስዎ በሰማንያ ስምንት የት ነበሩ?» በሏቸው፤ ሻይ ይዛችሁ፣ ጊዜ ሰጥታችሁ። ብዙዎቹ ያወራሉ። ሐርትሼክ ይላሉ፣ ደረቅ ሜዳውን፣ የውሃውን ቦቴ፣ ያበላቸውን የአገራችንን ሰው ያነሣሉ። አንዳንዱም ዝም ይላል፤ ዝም ካለ ተዉት።

ልጅቷን ደግሞ ባለፈው ዓርብ ሚጉ ሥር ወሰድናት። እናቷም አብራ ነበረች። በሥዕሎቹ ዙሪያ ዞርን፤ ያወቅነውን ያህል ነገርናት። አውሮፕላኑ የማን እንደነበረ፣ ከየት እንደተነሣ፣ ማንን እንደመታ፣ ሰዉ ወዴት እንደሸሸ። በጥሞና ሰማች። ከዚያ ቀና ብላ «እኛ አገር ነው የመጡት?» አለች። አዎ፣ እኛ አገር ነው የመጡት አልናት። «እኛ ደግሞ እነሱ አገር መጣን» አለች፤ እጃችንን ይዛ ወደ ገበያው ሄደች።